አጎቴ ሐምዱን መኪና ማጠቢያ ሲመርጡ

በየቤተሰቡ አንድ ሰው አለ፤ እሱ ካልመረቀው ዕቃ አይገዛም፣ እሱ ካላንኳኳው ሐብሐብ አይቆረስም። ዳኞች ይሻራሉ፣ ሹማምንት ይለወጣሉ፤ ይህ ሰው ግን ከሹመቱ ወርዶ አያውቅም።

በእኛ ቤት፣ በኦማኗ ሲናው፣ ይህን ወንበር የያዙት ክቡር አጎቴ ሐምዱን ናቸው። "ዕቃ አፍ የለውም፤ ነጋዴ ግን አለው" ይላሉ። ስለዚህ ነጋዴውን ትተው ዕቃውን ያነጋግራሉ። የእኅቴ የሠርግ አልጋ የተገዛ ዕለት ጫማቸውን አውልቀው ተጋደሙበትና እዚያው ሱቅ ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ባለሱቁ ሊቀሰቅሳቸው ሲል እናቴ፣ "ተዋቸው፣ ሥራ ላይ ናቸው" አለችው። ሲነቁ "ይገዛ" አሉ። ዛሬም የእኅቴ ልጆች ይዘሉበታል፤ ሲጢጥ አይልም።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን ወሬ አጠያየቃቸው ነበር። በእኛ አገር ሰላምታ ካለቀ በኋላ "ምን ወሬ አለ?" ይባላል፤ መልሱም አንድ ነው፤ "ወሬ የለም፤ ሁሉ ደግ ነው።" ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ አስቀድሞ ይህንኑ ይላል፤ የእሳቱን ነገር የሚያነሣው ለእንግዳ የቀረበው ቴምር ተበልቶ ሲያበቃ ነው። እኛ ጥያቄውን ቶሎ ብለን እንገላገለዋለን። አጎቴ ግን የጠየቁትን ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ያንኑ መልስ እንደ አዲስ ነገር ያዳምጡታል።

እኔ መምህርነቴን ትቼ፣ ከአባቴ በወረስኋት የመንገድ ዳር መሬት ላይ መኪና ማጠቢያ ልከፍት ቆረጥሁ። ማሽኑ አንዴ ሲሚንቶ ላይ ከታሰረ መመለስ የለም፤ ከተሳሳትሁ ለብድሩ ያስያዝኋት መሬቷም ትሄዳለች፣ እኔም ሜዳ ላይ እቀራለሁ። አጎቴን ይዤ ሙስካት ወረድሁ።

ሻጩ ዛህራን የሚባል የእኛው አገር ሰው ነበር፤ ምላሱ ቅቤ ያንጠባጥባል።

"ምን ወሬ አለ?" አሉት አጎቴ።

"ወሬ የለም አባቴ፤ ሁሉ ደግ ነው" ብሎ ወደ አንዲት የምታብረቀርቅ ማሽን ዞረ። "ይቺ መኪናውን አትነካውም። ብሩሽ የለ፣ ጭረት የለ። የበረሃውን አቧራ በውኃ ግፊት ብቻ ጠራርጋ ታወርደዋለች።"

እኔ ልቤ ሄደ። አጎቴ ዞሯት፤ አስነሥተዋት ጆሯቸውን ፓምፑ ላይ ለጠፉ። "ቁጡ ናት" አሉ። "ስትነሣ ታጓራለች። አይከፋም፤ ቁጡ ግመልም ትታለባለች።"

ሊዋዋሉልኝ ሲሉ፣ ከማሽኑ ሥር ሱኒል የሚባል መካኒክ ብቅ አለ፤ ከሕንድ፣ ከኬረላ፣ ከመጣ ገና ወራቱ ነው። አጎቴ ግራሶ የተቀባ እጁን ጨበጡ፤ ጤናውን፣ የእናቱን ጤና ጠየቁ። ከዚያም፣ "ምን ወሬ አለ?"

ሱኒል እጁን በጨርቅ ጠረገ። አሰበ። "ወሬማ አለ" አለ።

እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። አጎቴም ዕድሜ ልካቸውን ያንኳኩት በር ድንገት የተከፈተላቸው ይመስል ክው ብለው ቀሩ።

"በረሃው ዳር የተከልናት የዚችው ማሽን እኅት ሥራ አቁማለች" አለ ሱኒል። "የጉድጓዱ ውኃ ጨው አለው። የመርጫዎቿ ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ጨው ደፈነው። የታጠበውም መኪና ሲደርቅ ነጭ ነጠብጣብ ሆነ። ባለቤቱ ትናንት እዚህ መጥቶ አለቀሰ።"

ዛህራንን ሳል ያዘው። "አዲስ ነው አባቴ፤ የአገሩን ወግ አያውቅም።"

"ወሬ ጠየቅሁት፣ ነገረኝ" አሉ አጎቴ በዝግታ። "አንተንም ጠይቄህ ነበር።"

"ለወጉ መስሎኝ ነው እኮ።"

"እኔ ለወጉ ጠይቄ አላውቅም።"

ያን ሁሉ ዘመን፣ ያን ሁሉ ሰው፣ የምራቸውን ነበር የሚጠይቁት።

ወደ እኔ ዞሩ። "በመሬትህ ላይ ያለውን የጉድጓድ ውኃ ግመል ይወደዋል። ግመል የሚወደውን ውኃ ደግሞ ሻይ አይወደውም። ጨው ነው።" ከዚያ ሱኒልን፣ "አንተ ብትሆን የትኛዋን ትወስዳለህ?" አሉት።

ሱኒል ጥግ ላይ የቆመች፣ ማንም ያላያትን ባለ ብሩሽ ማሽን አሳየን። "የዚች ቀዳዳ ሰፊ ነው፤ ቶሎ አይደፈንም። ጨው የሚያጣራ በርሜል ከፊቷ ይቀመጥ። አሸዋው አስቀድሞ በውኃ ይውረድ፤ አለዚያ ብሩሹ ቀለም ይልጣል።"

አጎቴ፣ ዛህራን ቆሞ መጠበቅ ታክቶት ወንበር እስኪስብ ድረስ፣ እያስነሡ እያስቆሙ ተመለከቷት። በመጨረሻ ብሩሹን ጉንጫቸው ላይ አሻሽተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ትገዛ" አሉ።

ማጠቢያው የተከፈተ ዕለት ቀድማ የገባችው ግመል ስትጭን የኖረች የእሳቸው ፒካፕ ነበረች። አረፋው መስታወቱን ሲሸፍነው፣ ብሩሾቹ ግራና ቀኝ ሲያቅፉን፣ አጎቴ መስጊድ የገቡ ይመስል እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

ወጣን። መኪናዋን እንደ ልማዳቸው ሊዞሯት ጀመሩ፤ እኔም ነፍሴ ተንጠልጥላ ተከተልሁ። ከእሳቸው ዓይን ያመለጠ እንከን የለም፤ አይተውም ያለፉት የለም፤ ለወንድማቸውም፣ ለሸይኽም። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ ፍርዳቸውን ይጠብቃል።

የኋላው በር ጠርዝ ላይ ማሽኗ የሳተችው የጭቃ መስመር ነበር። አየሁት። አዩት።

አጎቴ የደከማቸው መስለው በሩን ተደገፉ። እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው ወደ ጀርባቸው በወረደው የነጭ ጥምጥማቸው ጫፍ ጠርዙን ጠረጉት።

"ንጹሕ ናት" አሉ ለሰፈሩ፤ ጭቃው እንዳይታይም ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈው ጥምጥማቸውን ጠቀለሉ።