ጋሽ ኪዳነ ወልድና የአሰብ ምርጫ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ የምርጫ ሊቅ አይጠፋም። ሰርግ ብትጠሩ አጠገባችሁ ተቀምጧል፤ ለቅሶ ብትደርሱ ቀድሟችሁ ደርሷል። ማን እንዳሸነፈ ሳይሆን ማን ማሸነፍ እንደነበረበት ይነግራችኋል። በሲያትል ከተማ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ ይዘው የኖሩት ክቡር ጋሽ ኪዳነ ወልድ ናቸው። የሌላ ከተማ ሊቃውንት ምርጫን በጅምላ ሲያወሩ፣ እሳቸው የሚያውቁት አንድ የቀይ ባሕር ጠረፍ ወረዳ ብቻ ነው፤ አሰብ። በጃንሆይ ዘመን አሰብ ላይ ለፓርላማ ማን ተወዳደረ፣ በምን ምልክት ቀረበ፣ በየትኛው ዘመዱ ተጠልፎ ወደቀ፣ ሁሉንም እንደ ዳዊት ይደግሙታል። ፓርላማው ከፈረሰ፣ ወደቡም የሌላ አገር ከሆነ ስንት ዘመኑ! ጋሼ ግን ውጤቱ ገና ያልጸደቀ ይመስል ይከራከሩበታል።

በ97ቱ ምርጫ ጊዜ እኛ ጠረጴዛ እየደበደብን ስንጨቃጨቅ፣ እሳቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው «መጀመሪያ አሰብን እንይ» አሉ። አየን። በፈረንጆቹ 2008 አሜሪካ ሲመርጥም አሰብን አየን። የመረዳጃ ማኅበራችን ጸሐፊ ሲመረጥ እንኳ አሰብን ሳናይ አልቀረንም። እውነቱን ልናገርና፣ ከሩቅ ሳያቸው መንገድ የቀየርኩበት ቀን አለ።

የአካባቢያችን አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ ምርጫውን በሙሉ በፖስታ ያደረገ ጊዜማ ጋሼ ሊታመሙ ምንም አልቀራቸው። «ሣጥን በጀልባ ሲመጣ ያየ ሰው ድምፁን ለፖስተኛ አይሰጥም!» አሉ። ስለዚህ በየምርጫው ከሬድመንድ ከሥራ ስመለስ ኮል ያደርጉልኛል። ማውንት ቤከር ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለው ቤታቸው አነሳቸዋለሁ፤ ፖስታቸውን ደረታቸው ላይ አጣብቀው እስከ ድምፅ መስጫው ሣጥን እወስዳቸዋለሁ። ከከተቱት በኋላም ሣጥኑን በጣታቸው ቆርቆር አድርገው ያዳምጡታል።

የጀልባው ነገር እንዲህ ነው። ጋሼ በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ ጸሐፊ ነበሩ። አወል የሚባል የአፋር ተወላጅ ደግሞ የጫኝና አውራጆች አለቃ ነበር። ምሳ አብረው ይበላሉ፤ ጋሼ ሲጾሙ አወል ዓሣ ይዞ ይመጣል። አንዱ ሲታመም አንዱ ያስታምማል። በ1965 ዓ.ም. በጃንሆይ የመጨረሻ ምርጫ ሁለቱም ለአንድ ወንበር ቀረቡ። የጋሼ ምልክት መልሕቅ፣ የአወል ግመል። የከተማው ድምፅ ተቆጥሮ መልሕቅ እየመራ ሳለ፣ ከአንዲት የዓሣ አጥማጆች መንደር የሚመጣው ሣጥን ዘገየ። በማግሥቱ በጀልባ ደረሰ፤ ሲከፈት ግመል በግመል ሆነ። «ባሕሩ ላይ ሳሉ ረቡ!» ይላሉ ጋሼ። ያን ቀን በአደባባይ ጓደኛቸውን ሌባ አሉት። አወል ሽማግሌ ቢልክ በር ዘጉበት። ዓመት ዞሮ ደርግ መጣ፤ ፓርላማው ተበተነ፤ ሁለቱም በየፊናቸው ተሰደዱ።

በፈረንጆቹ 2014፣ በሲያትል በጋ ማኅበራችን ፓርክ ውስጥ ባዘጋጀው ግብዣ ነጂባ ከምትባል የስካይዌይ ሰፈር ነዋሪ ጋር ተዋወቅሁ። አባቷ ከጅቡቲ ሊጠይቃት መጥቷል። «ድሮ አሰብ ወደብ ነበር የሚሠራው» አለችኝ። ስሙን ስጠይቃት የያዝኩት ሳህን ከእጄ ሊወድቅ ነበር።

ያኔውኑ ለጋሼ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አወል ሲያትል ነው።»

«የትኛው አወል?»

«የአሰቡ።»

«ግመሉ?»

«ግመሉ።»

ወዲያው ይነሳሉ ብዬ ነበር። መጀመሪያ ጉልበታቸውን አመማቸው። ቀጥሎ ፍልሰታ ገባ፤ በጾም ክርክር አይሆንም አሉ። ፍልሰታ ሲፈታ ደግሞ ሙሉ ልብሳቸው እጥበት ቤት ነበር። በመጨረሻ ነጂባ ኮል አድርጋ «ሶ፣ አባዬ ሊመለስ እኮ ነው» ስትለኝ ሳላስፈቅድ ደጃቸው ሄድኩ። ለካስ ሙሉ ልብስና ከረባት አድርገው ተቀምጠዋል፤ እንደ ዕጩ።

ነጂባ ቤት ስንደርስ አወል ሶፋ ላይ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ከስቷል፤ ዓይኑ ግን ይስቃል።

«ኪዳኔ! ሸበትክ እኮ!»

«አንተስ?» አሉ ጋሼ። አልተሳሳሙም። ተቀመጡና ወዲያው «ሣጥኑ ለምን ዘገየ?» አሉ።

«የቱ ሣጥን?»

«የጀልባው!»

አወል ሳቀ። «ነፋስ ነበራ! አሰብ ኖረህ ነፋስ አታውቅም? መንደሩ ሁሉ ደግሞ የእናቴ ወገን ነው፤ ማንን እንዲመርጡ ፈልገህ ነበር?»

ነጂባ ሻይ እንደያዘች ቆመች። «አባዬ፣ የምን ምርጫ ነው?»

«ፓርላማ ገብቼ ነበር። ወንበሩ ሳይሞቅ ደርግ አስነሳን።»

«ለምን አልነገርከንም?»

«ምን ብዬ ልንገራችሁ? ጓደኛ ያጣሁበት ነገር ነው።» ወደ ጋሼ ዞረ። «እኔ እንኳ ድምፄን ለአንተ ነበር የሰጠሁት።»

«ምን አልክ?»

«ሰው እንዴት ራሱን ይመርጣል? አፈርኩ። መልሕቁን መረጥኩ።»

ጋሽ ኪዳነ ወልድ ከረባታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ከተቱ። ሻዩ ፊታቸው ቀዘቀዘ።

በመኪና ስንመለስ መስኮቱን እያዩ «እኔስ ለማን የሰጠሁ ይመስልሃል? ለራሴ!» አሉኝ። «ነገ መልሰህ ውሰደኝ። የምነግረው አለኝ።»

በማግሥቱ ሄድን። አወል ስለ ዓሣው፣ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ አንድ ሰካራም የመርከብ ካፒቴን እያነሳ አሳቃቸው፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። የሚነግሩት ነገር ግን አልተነገረም። ስንወጣ ለምን ብላቸው «ልጆቹ ፊት እንዴት አድርጌ? አገሩ ሲገባ በስልክ እነግረዋለሁ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ባገኘኋቸው ቁጥር «ደወሉ?» እላለሁ። አንድ ጊዜ መስመሩ አይሰማም፤ ሌላ ጊዜ እዚያ መሽቷል። የሲያትል በረዷማ ክረምት ሳይወጣ ነጂባ እያለቀሰች ደወለችልኝ። አወል ጅቡቲ ውስጥ አርፎ ነበር።

የነጂባ ለቅሶ ቤት ሞልቷል። ጋሼ በትራቸውን ተመርኩዘው ሲነሱ፣ የሚያውቋቸው ሁሉ እርስ በርሳቸው ተያዩ። አንዱ «እዚህም አሰብ?» ብሎ አንሾካሾከ።

«በ65ቱ ምርጫ የአወል ተወዳዳሪ እኔ ነበርኩ» አሉ። «ሰው ፊት ሌባ ብየዋለሁና ሰው ፊት ልመልሰው። አወል አልሰረቀም። ሕዝቡ ወዶት ነው ያሸነፈው። ሽማግሌ ልኮብኝ በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። በቁሙ ልነግረው ይገባኝ ነበር፤ አልነገርኩትም።»

አብዛኛው ሰው ምን እንደሚሉ አልገባውም። «እግዜር ያጽናዎት» አላቸው አንዱ፣ ግራ ሲገባው። የነጂባ ትንሿ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ጎትታ «ማማ፣ ሁ ወን?» አለች፤ ማን አሸነፈ ማለቷ ነው።

ጋሼ ጎንበስ አሉላት። «አያትሽ» አሏት። «አያትሽ ነው ያሸነፈኝ።»

ሲወጡ ክንዳቸውን ያዝኩ። ደረጃው በረዶ ስለነበረው በቀስታ ወረድን። መኪናው ጋ ስንደርስ ቀበቶውን ማሰር አቃታቸው። አሰርኩላቸውና ወደ ቤታቸው የሚወስደውን አጭሩን መንገድ ትቼ በሐይቁ ዳር ዞርኩ፤ ምናልባት ያወሩ እንደሆነ ብዬ። አላወሩም። ስለ አሰብ አንድ ነገር እንዲነግሩኝ እንደዚያ ቀን ጓጉቼ አላውቅም።