የጋሼ ሳህሉ ባለቀለም ኖታ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ ሳይጠየቅ የሚያስረዳ አንድ ሰው አይጠፋም። በሮማ ይህን ሹመት የሰጣቸው ባይኖርም፣ ጋሼ ሳህሉ ተቀብለውታል።

በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ሠላሳ ዓመት ሪፖርት ሲያዘጋጁ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቀለም የሌለው ሠንጠረዥ አይዋጥላቸውም። ቶር ፒኛታራ ሰፈር ያለው ሕንፃቸው ሊፍት ውስጥ እንኳ የትኛው ቁልፍ ለምን እንደሚጫን የሚያብራራ ወረቀት ለጥፈዋል። “ያልተብራራ ነገር ሰው ይጎዳል” ይላሉ።

ማክዳን የጎዳት ግን ማብራሪያው ነበር። ሰው ቤት የሚሠሩ አምስት ሴቶችን በየሐሙስ ከሰዓት፣ በእረፍታቸው እየሰበሰበች ዘፈን ታለማምዳለች። አንድ እሹሩሩ በሁለት ድምፅ አቀናብራ፣ ኖታውን በኮምፒውተር ንጹሕ አድርጋ ጻፈች። የሰፈሩ የመዘምራን በዓል ላይ ለመግባት በዳኛ ፊት ከኖታ እያነበቡ መዝፈን ነበረባቸው። ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

“ፋይሉን ላኪልኝ፤ የፊደል ግድፈት ብቻ ልይልሽ” አሏት ጋሼ ሳህሉ።

ላከች። ሦስቱ ገጽ ዘጠኝ ሆኖ ተመለሰ። የላይኛው ድምፅ ቀይ፣ የታችኛው ሰማያዊ፣ አብረው የሚዘፍኑበት አረንጓዴ ሆኗል። በየቦታው ቀስት፣ በየቀስቱ ጫፍ ጽሑፍ አለ፦ “ይህ ዝምታ ነው። ዘፈኑ አላለቀም፤ ሁለት ቁጠሩ።”

“ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሜትሮ ባቡር ካርታ ነው። ዳኛው ይስቁብናል” አለች ማክዳ።

“ይሳቁ። ሴቶቹ ይገባቸዋል ወይ ነው ጥያቄው።”

በፈተናው ቀን ማክዳ ንጹሑን ኖታ አደለች። ጋሼ ሳህሉ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዘፈኑ ተጀመረ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ዝምታው ሲደርስ ከአምስቱ ትልቋ እትዬ ዙፋን ቀድመው ገቡ፤ ሌላዋ ዘፋኝ ኣኽበረት ያለቀ መስሏት አቆመች። ማክዳ እጇን አወረደች።

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። “አሎራ፤ እንግዲህ አንድ ጊዜ ብቻ አስደግማችኋለሁ” አሉ በጣሊያንኛ።

እትዬ ዙፋን ቦርሳቸውን ከፈቱና አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ቀዩና ሰማያዊው ከሩቅ ይታያል። ኣኽበረትም አወጣች። አምስቱም አወጡ።

“ይቅር በይኝ ልጄ” አሉ እትዬ ዙፋን ቀስ ብለው። “በሥራ መሃል ያጠናሁት ጋሼ በሰጡን በዚህኛው ነው።”

ማክዳ ለራሷም ባለቀለሙን ፍለጋ ዞረች። ጋሼ ሳህሉ ተነሥተው፣ ሳያስረዱ፣ አንድ ቅጂ ሰጧት።

እንደገና ጀመሩ። ያ ዝምታ ሲቃረብ ማክዳ ግንባሯን ቋጠረች። ገጹ ላይ፣ በእሷ ቅጂ ብቻ፣ ከቀስቱ ጫፍ እንዲህ የሚል ጽሑፍ ነበር፦ “እዚህ ጋ ማክዳ ትፈራና ግንባሯን ትቋጥራለች። ሴቶቹ የሚያዩት ፊቷን ነው። ትፍታው።”

ፈታችው። አንድ፣ ሁለት። አምስቱም አብረው ገቡ።

ሲጨርሱ ዳኛው ወረቀቱን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት። “ቫ ቤኔ፣ ደህና ነው” ብለው የቡድኑን ስም መዝገብ ላይ ጻፉ።

ጋሼ ሳህሉ ደጅ ላይ ፊታቸው አልተፈታም። “አረንጓዴው ደምቆብኛል፤ መስተካከል አለበት” አሉ።

ማክዳ አልተከራከረችም። ስልኳን አወጣችና፣ ለማንም አሳይታው የማታውቀውን አዲስ ዜማ፣ እዚያው ቆማ ላከችላቸው።