ላም አስወጥተን መልእክት ያስገባን ዕለት

ስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ቀላል ነገር ነው። እጃችሁን ስታወጡ የሚታያችሁ ሰዓቱ እንጂ ሰው አይደለም፤ ምሳ ደርሷል፣ ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ሰብሳቢው «የሚቃወም?» ይላል፣ ማንም አይቃወምም። አለቀ። ውሳኔው ግን አዳራሹ ውስጥ አይቀርም። ወጥቶ የሰው በር ያንኳኳል፤ አንዳንዴም የጎረቤታችሁን።

ከመካነ ሰላም ወዲህ ባለችው ትንሿ ከተማችን፣ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ በመሆኔ የነዋሪ ተወካይ ተብዬ እንዲህ ባለው ስብሰባ እቀመጣለሁ። አምና ክረምቱ ሲገባ በአንድ ጠዋት ሁለት ነገር ወሰንን። አንደኛው፣ ከብት ከከተማ ይውጣ፤ አስፋልቱ በእበት ተበላሽቷል፣ የሚኒባስ ሾፌሮችም ተማርረዋል። ሁለተኛው፣ ጎርፍና መብረቅ ሲያሰጋ ለየቤቱ በስልክ የማስጠንቀቂያ መልእክት ይላክ። ለሁለቱም እጄን አወጣሁ። ለሁለተኛውማ ከሁሉም ቀድሜ።

እትዬ ዘሀራ የሚባሉ ጎረቤት አሉኝ። አንዲት ቀይ ላም ነበረቻቸው። ላሚቱ የልጃቸው የሉባባ ናት፤ ከጥጃነቷ ያሳደገቻት እሷ ነች። ለሰው ቤት ሥራ ጅዳ ስትሄድም አንገቷን አቅፋ ተሰናብታት ነው የሄደችው። በደወለች ቁጥር ከእናቷ ጤና ቀጥሎ የምትጠይቀው የላሚቱን ነበር። ነበር ያልኩት ወድጄ አይደለም። አሠሪ ልትቀይር መሆኗን ተናግራ ከረመዳን ወዲህ ድምጿ ጠፍቷል።

ላሚቱ ገጠር፣ ወንድማቸው ዘንድ ተወሰደች። እትዬ ዘሀራ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጄ ብትደውል ምን እላታለሁ አሉኝ፣ በቃ። በረቱን በየጠዋቱ መጥረግ ግን አልተዉም፤ ምኑን እንደሚጠርጉት አላህ ይወቀው። እዚያ ግቢ ውስጥ ድምፅ ያለው ነገር ስልኩ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ስልኩ ደግሞ ጮኸ። እትዬ ዘሀራ ማንበብ አይችሉምና ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ እየሮጡ መጡ። አነበብኩላቸው፤ ከባድ ዝናብ ስለሚጠበቅ ከወንዝ ዳር ይራቁ ይላል። ፊታቸው ሲጠወልግ አየሁ። ዝናብም ኸይር ነው ብለው ተመለሱ። በሦስተኛው ቀን በረዶ። በሳምንቱ መብረቅ። አንዳንዱ ማስጠንቀቂያ ፀሐይ ጭንቅላት በሚበሳበት ቀን ይመጣል፤ እሳቸው ግን አንዱንም አላሳለፉም። እኔም የበራቸውን ሲጥሲጥታ በሰማሁ ቁጥር ጓዳ ገብቼ መደበቅ ያምረኝ ጀመር።

መስከረም ሲጠባ መልእክቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚል አጀንዳ መጣ። ሰው ማንበብ ትቷል ተባለ። ይቁም ልል ቆረጥኩ፤ ለእሳቸው ብዬ። ከስብሰባው በፊት ጎራ ብዬ፣ ትልቅ ውለታ እንደዋለ ሰው ሆኜ ነገርኳቸው።

መጥረጊያቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ።

«ተዉ መምህር» አሉኝ። «ዝናብም ይሁን በረዶ፣ ይምጣ። እርስዎ እስኪያነቡልኝ ድረስ እኮ የሉባባ ነው።»

ስብሰባው ላይ ይቀጥል ብዬ ተከራከርኩ። ስለ ጎርፍ ብዙ ተናገርኩ፤ ተጨበጨበልኝም።

ሉባባ እስከ ዛሬ አልደወለችም። መልእክቱ ግን ይመጣል፤ አሁን አሁን ስለ ውርጭም ይልካሉ። እትዬ ዘሀራም ይመጣሉ። እኔ ደግሞ ስልኩን ከመቀበሌ በፊት መነጽሬን እፈልጋለሁ። ደረት ኪሴ ውስጥ እንዳለ እያወቅሁ፣ መደርደሪያውን፣ የመስኮቱን ደፍ፣ የአልጋውን ሥር፣ ቀስ ብዬ።