ሽማግሌው አራተኛ ፎቅ ላይ

(ፖቶሲ፣ ቦሊቪያ። አራት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ የተቀመጠች ብርዳም ከተማ። ረፋድ ነው። ከቆላው ከትሪኒዳድ ሁለት ቀን በአውቶቡስ የተጓዙ ሁለት ሰዎች የአንድ ትንሽ ሆቴል እንግዳ መቀበያ ፊት ቆመዋል። አንደኛው ዶን ኤቫሪስቶ ነው፤ የስድሳ አራት ዓመት ሰው፣ ጡረታ የወጣ የፖስታ ቤት ሹም። ለሟች ወንድሙ ልጅ፣ ለኤልመር፣ ሚስት ሊለምን የመጣ ሽማግሌ ነው። ሁለተኛው ቲቡርሲዮ፣ የኤልመር እናት የናዛሪያ ወንድም፣ ወንዝ ወደብ ላይ ሙዝ የሚያራግፍ ዝምተኛ ሰው። የሆቴሉ ባለቤት ዶኛ ሰቬሪና ከጠረጴዛው ጀርባ ሹራብ እየሠራች ታዳምጣለች።)

ኤቫሪስቶ፦ በአፍንጫህ ተንፍስ አልኩህ እኮ!

ቲቡርሲዮ፦ በአፍንጫዬ ነው የምተነፍሰው፣ ዶን ኤቫሪስቶ።

ኤቫሪስቶ፦ ታዲያ ይኼ እንደ ወናፍ የሚነፋው ምንድን ነው?

ቲቡርሲዮ፦ እርስዎ ነዎት።

ኤቫሪስቶ፦ (ትንፋሹን ውጦ) እኔ ሆን ብዬ ነው። አየሩን እየቀመስኩት ነው። ደጋ ሲገባ አየሩ መጀመሪያ ይቀመሳል። አንተ ግን ቆላ ተወልደህ ቆላ ያደግህ ነህ፤ ካልተጠነቀቅህ እዚሁ ዘጭ ትላለህ። ዕድሜ ለኔ በል! ፖቶሲን ከነጓዳዋ አውቃታለሁ።

ቲቡርሲዮ፦ ስንት ዓመት ኖሩባት?

ኤቫሪስቶ፦ አራት ቀን።

ቲቡርሲዮ፦ አሃ።

ኤቫሪስቶ፦ የዛሬ ሠላሳ ሁለት ዓመት። ግን አራቱንም ቀን ዓይኔን ገልጬ ነው!

ሰቬሪና፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ለመጀመሪያ ቀን ከታች፣ ግቢው ጥግ ያለውን ክፍል ልስጣችሁ። ፀሐይ እስከ አሥር ሰዓት አይለየውም። ደረጃም የለውም።

ኤቫሪስቶ፦ ከታች? ሽማግሌ ሆኜ መጥቼ ከታች? ሴትዮ፣ ከሁሉ በላይ ያለው ክፍል የቱ ነው?

ሰቬሪና፦ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍት ግን የለንም።

ኤቫሪስቶ፦ እሱን ስጪን! (ለቲቡርሲዮ፣ ያንሾካሾከ መስሎት ጮክ ብሎ) አየህ? የሆቴል ሰው መጀመሪያ የሚሰጥህ ሌላው እምቢ ያለውን ክፍል ነው። እሺ ካልክ ተበላህ። ደሞ የእነዚህ ደጋዎች ነገር! ብርዱ ልባቸው ድረስ ገብቷል። ልጅቷንም ሳላያት አውቃታለሁ፤ በረዶ ላይ እንደ ዋለ ዓሣ ዓይኗን አፍጥጣ የምታይ ትሆናለች። እኛ ወስደን ፀሐይ ስናሞቃት ውለታ ነው የምንውልላቸው።

ቲቡርሲዮ፦ ዶን ኤቫሪስቶ፣ ይቺ ሴትዮ እኮ...

ኤቫሪስቶ፦ በአፍንጫህ ተንፍስ!

ሰቬሪና፦ (መርፌዋ ለአፍታ ቆሞ) ደረጃውን ቀስ ብላችሁ ውጡ። በየፎቁ ቁጭ እያላችሁ። የኮካ ቅጠል ሻይ እልክላችኋለሁ፤ ራስ ምታቱን ያስታግሳል።

ኤቫሪስቶ፦ ሻይ ለፈረንጅ ነው። ቁልፉን!

(ደረጃው ላይ።)

ኤቫሪስቶ፦ ስማ። ደጋ ላይ ደረጃ የሚወጣው እንደ አሮጌ በቅሎ ነው። አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት። አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት።

ቲቡርሲዮ፦ እሺ።

ኤቫሪስቶ፦ (ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ) ምን ትንቀረፈፋለህ?

ቲቡርሲዮ፦ እንደ በቅሎ እየወጣሁ ነው።

ኤቫሪስቶ፦ እሱን ያልኩት ለአንተ ነው! እኔማ... እኔ... (ሁለተኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ በጀርባው ይዘረጋል) እኔ እዚህ ጋ ትንሽ... ግድግዳውን ልየው ብዬ ነው።

ቲቡርሲዮ፦ የሚያዩት ጣሪያውን ነው።

ኤቫሪስቶ፦ ጣሪያውንም አያለሁ! ... ቲቡርሲዮ፣ ጣሪያው ስንት ነው?

ቲቡርሲዮ፦ አንድ።

ኤቫሪስቶ፦ ደህና አድርገህ ቁጠር። ሁለት ናቸው።

(ቲቡርሲዮ ሻንጣውን በአንድ እጁ ያነሣል፤ ሽማግሌውን እንደ ሙዝ ዘለላ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ አንድ እርምጃ፣ ዕረፍት፣ እያለ ይወጣል።)

(አራተኛ ፎቅ። ክፍሉ እንደ ጉድጓድ ይቀዘቅዛል። ኤቫሪስቶ አልጋ ላይ ከነካፖርቱ ተጋድሟል።)

ኤቫሪስቶ፦ አሁን የሆቴል ኑሮ ላስተምርህ። አንደኛ፣ እንደገባህ ብርድ ልብስ ቁጠር። ስንት ነው?

ቲቡርሲዮ፦ ሦስት።

ኤቫሪስቶ፦ ሁለት አስጨምር። ሌላ እንግዳ ሳይቀድምህ።

ቲቡርሲዮ፦ ሌላ እንግዳ እኮ የለም።

ኤቫሪስቶ፦ ሳይመጣ ነዋ የሚቀደመው! ሁለተኛ፣ ገላ መታጠቢያው። ውሃውን የሚያሞቀው እላይ የተገጠመው ኤሌክትሪክ ነው። ውሃ እየወረደ ብረቱን በጭራሽ እንዳትነካ፤ ይነዝርሃል።

ቲቡርሲዮ፦ ታዲያ በምን ልዝጋው?

ኤቫሪስቶ፦ በብልሃት ነዋ! ና ላሳይህ። (እየተንገዳገደ ገብቶ ውሃውን ይከፍታል) ጫማህን አትፈታም። እጅህን በፎጣ ጠቅልለህ፣ እንዲህ ቀስ ብለህ... አይይይይ!

ቲቡርሲዮ፦ ፎጣው እኮ ርሷል።

ኤቫሪስቶ፦ (ያለችው ፀጉር ቀጥ ብላ ቆማ) አየህ? እንዲህ ነው የሚነዝረው። ሆን ብዬ ነው ያሳየሁህ።

ቲቡርሲዮ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዶን ኤቫሪስቶ፣ ስለ ሴትየዋ ልነግርዎት የፈለግሁት...

ኤቫሪስቶ፦ ሦስተኛ! የመጀመሪያ ቀን ከባድ ነገር አይበላም። ደጋ ላይ ሆድ ሰነፍ ነው። ምናለ ቀለል ያለ ሾርባ ብታዝልን?

(ሾርባው መጣ። በሸክላ ሳህን የቀረበ ወፍራም የበቆሎ ሾርባ ነው፤ መሐሉ ላይ በእሳት የጋለ ድንጋይ ተጥሎበት ይንተከተካል። ቲቡርሲዮ ያየዋል እንጂ አይነካውም።)

ኤቫሪስቶ፦ (አፉን ሞልቶ) ምነው አትበላም?

ቲቡርሲዮ፦ ከባድ አትብላ ብለውኛል።

ኤቫሪስቶ፦ ሾርባ ምኑ ነው ከባድ?

ቲቡርሲዮ፦ ድንጋዩ።

ኤቫሪስቶ፦ አይ የኔ ቂል! ድንጋዩ አይበላም! ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ነው የተጣለው።

ቲቡርሲዮ፦ እርስዎ ታዲያ ቅድም ለምን ነከሱት?

ኤቫሪስቶ፦ (አገጩን እያሸ) ድንች መስሎኝ... ማለቴ ጥርሴን ልፈትሽበት ብዬ ነው። በል ካልበላኸው ያንተንም ወዲህ በለው። (ሁለተኛውንም ጥርግ አድርጎ ከሻንጣው ጠርሙስ ያወጣል) አሁን ለማወራረጃ አንድ ሁለት መለኪያ።

ቲቡርሲዮ፦ አውቶቡስ ላይ፣ በመጀመሪያ ቀን አረቄ መርዝ ነው ብለውኝ ነበር።

ኤቫሪስቶ፦ ለአንተ ነዋ! እኔ ንግግር አለብኝ። (ሦስት መለኪያ ገልበጥ ያደርግና ከኪሱ ወረቀት ይዘረጋል) ዘጠኝ ገጽ ነው። አንድ ወር ጽፌዋለሁ። «የተከበራችሁ የከፍታ ልጆች ሆይ፣ ከታላቁ ወንዝ ዳር ተነሥተን...» ቲቡርሲዮ፣ ፊደሎቹ ወዴት ነው የሚሄዱት?

ቲቡርሲዮ፦ ከእኔ በኩል ቆመዋል።

ኤቫሪስቶ፦ ይሄዳሉ እንጂ! ይኼው «ሆይ» ከወረቀቱ ወጣች። ራሴ ውስጥ ከበሮ የሚመታ አለ። ስንት ሰዓት ነው? በዘጠኝ ሰዓት ልጅቷ ቤት መድረስ አለብን።

ቲቡርሲዮ፦ ስምንት ተኩል።

ኤቫሪስቶ፦ ልነሣ። ... ተነሣሁ?

ቲቡርሲዮ፦ አልተነሡም።

ኤቫሪስቶ፦ አሁንስ?

ቲቡርሲዮ፦ አሁን ወደቁ።

(ቲቡርሲዮ አንሥቶ አልጋው ላይ ያስተኛዋል። ኤቫሪስቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ ይለሰልሳል።)

ኤቫሪስቶ፦ ለናዛሪያ ምን እላታለሁ? ወንድሜ ሲሞት እጁን ይዤ፣ ለልጅህ የአባት ወግ እኔ አደርሳለሁ ብዬዋለሁ። ልጁም እኔን ነው የሚጠብቀው። እንዲህ ተዘርግቼ ልጅቷ ታመልጠው?

ቲቡርሲዮ፦ አታመልጠውም። ይቆዩኝ፣ ሻይውን ላምጣ።

(ይወርዳል። ይቆያል። ሲመለስ ሻይ ይዟል፤ ዶኛ ሰቬሪና ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር አንጠልጥላ ትከተለዋለች። ኤቫሪስቶ ዓይኑን አልገለጠም።)

ኤቫሪስቶ፦ ምን ያቆይሃል? ለልጅቷ ዘመዶች ሰው ላክ። ሽማግሌው ብርቱ ጉዳይ ገጥሞታል በላቸው። ቢቆጡም ይቆጡ፤ ከደጋ ሰው ደግሞ ምን ደግ ይጠበቃል!

ሰቬሪና፦ አይቆጡም። ይህችን አፍንጫዎ ላይ ያድርጓት።

ኤቫሪስቶ፦ (ዓይኑን በርግዶ) አንቺ መቼ ገባሽ? ለመሆኑ ዘመዶቿን ታውቂያቸዋለሽ?

ሰቬሪና፦ እንዴታ። የልጅቷ፣ የፍሎሪንዳ፣ አክስት ነኝ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ።

(ኦክስጅኑ ሽሽሽ ይላል።)

ኤቫሪስቶ፦ ቲቡርሲዮ! አንተ ታውቅ ነበር?

ቲቡርሲዮ፦ ናዛሪያ ነግራኛለች። የልጅቷ ሰዎች ሆቴል እያላቸው ሌላ ቦታ ማደር ነውር ነው ብላ እኮ ነው እዚህ የላከችን።

ኤቫሪስቶ፦ ታዲያ አትነግረኝም?

ቲቡርሲዮ፦ ሁለቴ ጀምሬ ነበር። አንዴ ተንፍስ አሉኝ፣ አንዴ አትብላ አሉኝ።

ኤቫሪስቶ፦ (ሊነሣ እየታገለ) የተከበሩ እመቤት... ያ የዓሣው ነገር... ቆላ ዓሣ ማለት ትልቅ ሙገሳ ነው...

ሰቬሪና፦ ዓሣዋ ታች ማዕድ ቤት ናት። ሁለት ሳህን የበሉት ሾርባ የእጇ ሥራ ነው።

ኤቫሪስቶ፦ (ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ) «የተከበራችሁ የከፍታ...» (ኦክስጅን ይስባል) «...ልጆች...» (ይስባል) «...ከታላቁ...»

ሰቬሪና፦ በዚህ አያያዝ ወንዙ ጋ ሳንደርስ ይመሻል። ይተዉት። ዶን ቲቡርሲዮ፣ እርስዎ ይናገሩ።

ቲቡርሲዮ፦ እኔ? ሽማግሌው እኮ እሳቸው ናቸው።

ሰቬሪና፦ እሳቸው ይረፉ። እርስዎ ስለ ልጁ የሚያውቁትን ይንገሩኝ።

ቲቡርሲዮ፦ (ባርኔጣውን አውልቆ) ኤልመር... ጀልባ ነጂ ነው። ሀብታም አይደለም። ጀልባዋም ግማሿ ናት የእሱ።

ሰቬሪና፦ የፊተኛው ግማሽ ነው የኋለኛው?

ቲቡርሲዮ፦ ሞተሩ ያለበት። ነጎድጓድ ይፈራል፤ ይኼን አልደብቅዎትም። ግን አምና ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን ሲውጠው፣ መጀመሪያ እናቱን አወጣ፤ ቀጥሎ የጎረቤቱን አሮጊት፤ ቀጥሎ ዶሮዎቻቸውን። ሃያ ሦስት ዶሮ። ሰማዩ እየጮኸ፣ እሱ እያለቀሰ፣ አንድ በአንድ። ፍሎሪንዳ እኛ ጋ አስተማሪ ሳለች የተማሪዎቿን ደብተር በዚያች ጀልባ ያመላልስላት ነበር። ወደዚህ ከተመለሰች ወዲህ ሁለት ጊዜ ወንዙ ዳር ካለ ዛፍ ጋር ተጋጭቷል። ዛፉ ድሮም እዚያው ነበር። ... ሌላ የማውቀው የለኝም።

(ሰቬሪና አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች።)

ሰቬሪና፦ እሷም ብትሆን ጨው እየረሳች ነው የምትሠራው፤ ዛሬ ግን እንግዳ አለ ብላ ተጠንቅቃለች። ሙቀቱን ትለምደዋለች። ትንኙንም። እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ልጄ ቁጡ ናት። በሰው አገር፣ ጠባይዋ የከፋ ቀን፣ የሚችላት ቤት ታገኛለች ወይ? (በአገጯ ወደ በሽተኛው እያሳየች) እስቲ ይንገሩኝ፤ እኚህን ሰውዬ ምን አድርጋችሁ ነው የምትኖሩት?

ቲቡርሲዮ፦ ዶን ኤቫሪስቶን? ምን እናደርጋቸዋለን፣ የኛ ናቸው። እሁድ እሁድ ናዛሪያ ምሳውን ሳታነሣ ትጠብቃቸዋለች። መጥተው ያወራሉ፣ እኛ እንበላለን። ሲደክማቸው እሳቸውም ይበላሉ።

ሰቬሪና፦ ስንት ዓመት?

ቲቡርሲዮ፦ ሃያ ስድስት።

ሰቬሪና፦ አንድ ቀን እንኳ መርሯችሁ በር አልዘጋችሁባቸውም?

ቲቡርሲዮ፦ አንድ ቀን ዘግተን ነበር። በመስኮት ገብተው የበር አዘጋግ አስተማሩን።

ሰቬሪና፦ ከዚያስ?

ቲቡርሲዮ፦ ከዚያማ ምሳ ቀረበ።

(ሰቬሪና ሳቋ ያመልጣታል። ዓይኗን በሹራቡ ጫፍ ጠርጋ ትነሣና ወደ ደረጃው ትጣራለች።)

ሰቬሪና፦ ፍሎሪንዳ! ፊትሽን ታጠቢና ለአራት ሰው ሻይ ይዘሽ ነዪ! (ወደ ቲቡርሲዮ ዞራ) በቃ፣ ሰጥቻለሁ። እኚህን ሃያ ስድስት ዓመት የቻለ ቤት፣ የኔ ልጅ ትከብደዋለች ብዬ አልሰጋም። (ትወጣለች)

ኤቫሪስቶ፦ (ከብርድ ልብሱ ሥር ብቅ ብሎ) ጆሮዬ ውስጥ ይጮሃል፤ አልሰማሁም። ምን አለች?

ቲቡርሲዮ፦ ሰጠችን።

ኤቫሪስቶ፦ ሰጠች?! (ዓይኑ እንባ ሞላ) ወንድሜ፣ ነፍስህ ትረፍ! ... ለመሆኑ ምኑ ነው ልቧን ያሸነፈው?

ቲቡርሲዮ፦ (አስቦ) እርስዎ ነዎት።

ኤቫሪስቶ፦ አውቄዋለሁ! ገና አንድ ገጽ እንኳ ሳላነብ! ሽማግሌ ማለት ይኼ ነው፤ እይና ተማር። እስቲ እውነቱን ተናገር፣ ያለ እኔ ይኼ ነገር ይሆን ነበር?

ቲቡርሲዮ፦ (ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ እየሸፈነለት) በጭራሽ፣ ዶን ኤቫሪስቶ። ያለ እርስዎ ምናችንን አይታ ትሰጠን ነበር!