ካፒቴን ዌንደል ወደ ኋላ ሲሄዱ

በሐምሌ ከሮኪ ተራሮች ሥር ካሉት ከተሞች በአንዱ ቁሙ፤ አንድ ካፒቴን አታጡም። ባሕር አይቶ አያውቅም። መርከቡ አልጋ፣ ምድጃና መጸዳጃ ጭኖ የሚሄድ ረጅም መኪና ነው፤ መርከበኞቹ ሚስቱ፣ ልጁና የልጁ ባል ናቸው። መንገድ አይጠይቅም። መሪውንም ለሰው አይሰጥም።

የእኛው ክቡር ካፒቴን ዌንደል ስቶባ፣ የባለቤቴ የማርሊስ አባት ናቸው። የልጃቸው ባል እኔ ነኝ። ሹመቴ ዝንብ መግደል ነው።

ክቡርነታቸው ለምክር ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ስፖኪዮ አለኝ።» ዋዮሚንግ ላይ መንገድ ስተው የአንድ ከብት አርቢ ግቢ ሲገቡ ማርሊስ ካርታ ብታሳያቸው፣ «ስፖኪዮ አለኝ» አሉ። እርግጥ ነው፣ ላሞቹ በስፖኪዮው ጥርት ብለው ይታዩ ነበር።

እውነቱን ለመናገር ስፖኪዮውን አያምኑትም። የሚያምኑት ሚስታቸውን ዶሪንን ነው። ወደ ኋላ መግባት ሲያስፈልግ ዶሪን ይወርዱና ከኋላ ቆመው በእጃቸው ይመሯቸዋል። እንዲህ ያሉ መኪኖች በሚያድሩበት ሰፈር ሁሉ ባልና ሚስት በዚህች ሰዓት ሲጯጯሁ ማየት የምሽት ቲያትር ነው፤ ጎረቤት ወንበሩን አዙሮ ይቀመጣል። የእነዚህን ግን ማንም አያይም። ድምፅ የለውማ።

ዘንድሮ ዶሪን ዳሌያቸውን ቀዶ ሕክምና ስላደረጉ መቆም አይችሉም። ካፒቴኑም ከቤት ከወጣን ጀምሮ ወደ ፊት ተገብቶ ወደ ፊት የሚወጣበት ቦታ ካልሆነ አላቆሙም። ሌላውን ሁሉ «ጥላ የለውም» እያሉ አለፉት። ማርሊስ ግን ገብቷታል። የአባቷ ዓይን እንደ ድሮው አይደለም፤ ሁለት ጊዜ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ወጥተዋል። ኤልክ ፎርክ የሚባለው የመኪና ማደሪያ ስንደርስ የተረፈው ቦታ ከወንዙ ዳር፣ በአንድ ጥድና በሰው አዲስ ፒክአፕ መሀል፣ ወደ ኋላ የሚገባበት ነበር።

«አባዬ፣ እዚህ ካላስገባኸው ነገ በተራራው ላይ የምነዳው እኔ ነኝ» አለቻቸው።

«ስፖኪዮ አለኝ።»

መጀመሪያ እኔ ከኋላ ቆምኩ። በመስኮት ብቅ አሉና፣ «አንተ ልጅ፣ እኔን ነው እንደ ዝንብ የምታባርረው?» አሉኝ። ከዚያ ማርሊስ ቆመች፤ አባትና ልጅ ተጯጯሁ፣ ወንበሮች ዞሩ። በሦስተኛው ሙከራ ጥዱ አንድ ቅርንጫፉን ለቀቀ። ካፒቴኑ ፍሬን ያዙ። እጃቸው መሪው ላይ እንዳለ ቀረ።

ዶሪን ከመኪናው ውስጥ፣ ከምግብ ጠረጴዛው፣ «ዌንደል፣ ውረድ» አሉ።

«ማን ሊነዳ?»

«ልጅህ። አንተ ቁምላት።»

መሪውን አንድ አንድ ጣት እያነሡ ለቀቁት። ወረዱ። ማርሊስ መሪውን ያዘች፤ እኔ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሦስታችንም በስፖኪዮው አየናቸው፤ ኮፍያቸውን አቃኑ፣ ከዚያ እጃቸውን አነሡ።

አመራሩ ልክ የዶሪን እጅ ነበር። መዳፎቹ ደረት ላይ፣ ጣቶቹ ብቻ ቀስ እያሉ የሚታጠፉ፤ ወደ ቀኝ ለማለት ክርን ወጣ፣ አንገት ዘንበል። ማርሊስ በአባቷ እጅ ውስጥ እናቷን እያየች ገባች፤ ጥዱንም ፒክአፑንም አልነካችም። «ቁሚ» ለማለት ደግሞ ያ በር የሚሞላ ሰውዬ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየው፣ ዶሪን እንደሚያደርጉት እጆቹን አጣምሮ ጉልበቱን እንደ ሙሽራ ሰበር አደረገ።

ዶሪን ሳቁ፤ ከዚያ ሳቁን ተዉት።

«እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዘመን የሚያየው የዛፉን ግንድ እንጂ እኔን አይመስለኝም ነበር» አሉ።

በማግስቱ በተራራው ላይ የነዳችው ማርሊስ ናት። ካፒቴኑ ከጎኗ ተቀምጠው እስከ ጫፉ ድረስ ምክር አላቋረጡም። ዝም ቢሉ ኖሮ እኔ ራሴ መኪናውን አስቁሜ ምን ሆኑ እላቸው ነበር።

ከመነሳታችን በፊት ግን አንድ ነገር አድርገዋል። መስታወቱን በመሐረባቸው ወልውለው፣ ለቁመቷ አስተካከሉላት።

«ስፖኪዮ አለሽ» አሏት።