አማቴን የዋጠችው መኪና

እኔ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ከአንድ ሆስፒታል መስኮት ጀርባ ቆሜ ለሰው ልጅ ሕመም ሁሉ ጠርሙስና ብልቃጥ ሳቀብል ሃያ ምናምን ዓመት አልፎኛል። ለራስ ምታቱም፣ ለጨጓራውም፣ ለደም ብዛቱም የምሰጠው አላጣም። አንድ በሽታ ብቻ አቅቶኛል፤ ደህና የሚሠራን ዕቃ የመነካካት በሽታ። ይህ በሽታ በተለይ ሃምሳን የተሻገርን ባለትዳር ወንዶችን ይወዳል። ምልክቱ ቀላል ነው። ሰውየው ካቻቢቴ ያነሳና «እስቲ አንዴ ልየው» ይላል። ከዚያ ወዲያ ያንን ዕቃ እርሱት። እናንተም ቤት አለ፤ ብቻ አሁን ዞር ብላችሁ አትዩት፣ ይነቃባችኋል።

ዛሬ የማወጋችሁ እኔው ራሴ በዚሁ በሽታ ተይዤ አማቴን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ እንዴት በመኪና እንዳስዋጥኳቸው ነው። አትደንግጡ፤ የተዋጠው ድምፃቸው ነው።

እኔና ባለቤቴ ስንዱ የተጋባነው እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው። ያኔ ዮቪል በሚባለው ሰፈር አንዲት አፓርታማ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተካፍለን እንኖር ነበር። በሠርጋችን ላይ ጓደኛ ሞልቶ ነበር፤ ዘመድ ግን አንድም አልተገኘም። የስንዱ አባት ያሉት ደሴ፤ እኔን በዓይናቸው አይተውኝ አያውቁም። ታዲያ ሁለት ወር ቆይቶ በአንድ መንገደኛ እጅ ካሴት ላኩላት። የካሴት ደብዳቤ ታስታውሳላችሁ? ለማታስታውሱት ልንገራችሁ። ጎረቤት ሁሉ ይጠራና፣ ቴፑ መሃል ይቀመጥና፣ ሰው ተራ በተራ ከቴፑ ጋር ያወራል። ተናጋሪው ያለ ቴፕ ጆሃንስበርግ ድረስ እንዲሰማ የፈለገ ይመስል ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮኻል። «እትዬ ዘነበች ሰላም ብላሻለች፣ እነ አያሌው ሰላም ብለውሻል» ሲባል የካሴቱ ግማሽ ያልቃል። መሃል ላይ ዶሮው የራሱን ሰላምታ ያስገባል።

ከሰላምታው ቀጥሎ ግን የአማቴ ምርቃት አለ። ወሎዬ ሽማግሌ ሲመርቅ ሰምታችሁ ከሆነ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋችሁም። ሰውየው ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆዩ፤ ስንዱ ሳታያቸው ዐረፉ። እናም ባለፈው ዓመት ልጃችን ሕሊና ሲቡሲሶ የሚባለውን የዚህ አገር ልጅ ልታገባ ቀን ስትቆርጥ፣ ስለ ምግቡም፣ ስለ ድንኳኑም፣ ስለ እንግዳውም ስንከራከር፣ ስንዱ አንድ ነገር ላይ ብቻ ክርክር አልፈቀደችም።

«እኔ የተመረቅኩትን ምርቃት ልጄም በአባዬ አፍ ትመረቃለች» አለች። አለቀ።

«ለምን ቀደም ብላችሁ ስልክ ላይ አልገለበጣችሁትም?» ልትሉኝ ነው። እገለብጠዋለሁ ብዬ ለስንዱ ቃል ከገባሁ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እባካችሁ ይህንን ቁስል አትንኩብኝ።

እንግዲህ ቤታችን ውስጥ ካሴት የሚያጫውት የቀረ ነገር ቢኖር አሮጌዋ መኪናችን ብቻ ናት። ስንዱ አባቷ ሲናፍቋት መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ትገባና በሩን ዘግታ ትሰማቸዋለች። ምርቃቱን ለእኔም አሰምታኛለች። ከምርቃቱ በፊት ያለውን ግን ሁልጊዜ አሳልፋ ነው። ካሴቱ የደረሰ ዕለት እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ እኔ ብቅ ካልኩ ጣቷ ቁልፉ ላይ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲደረግበት አንድ ባል ምን ይጠረጥራል? ስለ እሱ የተባለ ነገር አለ ብሎ ይጠረጥራል እንጂ!

ከሠርጉ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ስንዱ ወጣ ስትል «ቴፑ መሥራቱን አንዴ ልየው» ብዬ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ይህንን ሰበብ እኔም አላመንኩትም። ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለስኩና ጆሮዬን ቀስሬ ተቀመጥኩ። እትዬ ዘነበች ሰላም አሉ። እነ አያሌው ሰላም አሉ። ዶሮው ጮኸ። ከዚያ የአማቴ ድምፅ መጣ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ባልሽን በሚመለከት፣ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ…» አሉ። ልቤ ቆመ። የሳቸውም ድምፅ አብሮ ሊቆም ነው መሰለኝ እየወፈረ፣ እየተጎተተ፣ የበሬ ማጉረምረም ሆነና ጭርር ብሎ ጠፋ። ቁልፉን ብጫን ካሴቱ አይወጣም። ደግሜ ብጫን ቴፑ የካሴቱን ክር ያመነዥካል። ወይ ጉዴ!

ማታ ስንዱ «ቴፑን አየኸው?» አለችኝ። «አየሁት» አልኳት። ዋሽቻለሁ እንዴ?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ስንዱ ከሴቶቹ ጋር አዳራሽ ውስጥ ሳለች፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ለአንድ ጓደኛዬ ጉዳዩን በሹክሹክታ ነገርኩት። ስሕተቴ ይህ ነው። የእኛ ሰው በሩ የተከፈተ መኪና ካየ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ሰው ከበበኝ፤ ነጭ ነጠላ ለብሰው መኪናዋ ላይ ሲያጎነብሱ ላየ ጸሎት የሚደርስላት ነበር የምትመስለው። አንዱ ፊውዝ ነው አለ። አንዱ ዳሽቦርዱን በመዳፍህ አንዴ ላጥ አድርገው አለ፤ መልሴን ሳይጠብቅ ራሱ ላጥ አደረገው። ሦስተኛው፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፣ ችግሩ የአየሩ ጠባይ መሆኑን አስረዳን።

በዚህ መሃል ጋሽ ይልማ መጡ። ጋሽ ይልማ ከሁላችንም በዕድሜ ይበልጣሉ፤ የሞተ ሰው የሚያስቀብሩት፣ የተጣላ የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። በወጣትነታቸው ሬዲዮ ይጠግኑ እንደነበር ሁላችንም ከራሳቸው አፍ ሰምተናል። «ዞር በሉ» አሉና ከወጥ ቤት የቅቤ ቢላ አስመጡ። አሁን እናንተ ብትሆኑ፣ ሽማግሌ በገዛ ፈቃዱ ሊረዳችሁ ነጠላውን አጣፍቶ ሲያጎነብስ «ተዉት» ትሉ ነበር? እኔም አላልኩም። «እንዳይደክሙ፣ ጋሼ» ብቻ አልኩ። እሳቸውም አልደከሙም። ቢላውን አስገብተው ፈለቀቁ፣ ቀጥሎ በሁለት ጣታቸው የያዙትን ክር ጎተቱ። ክሩ መጣ። አሁንም ጎተቱ፤ አሁንም መጣ። እግራቸው ሥር ጥቁር ክር ሲከመር፣ እኔ ቆሜ የማየው አማቴ ከነምርቃታቸው ሲተረተሩ ነበር።

ጋሽ ይልማ ቀና ብለው ላባቸውን ጠረጉና ትከሻዬን ቸብ አደረጉኝ። «አይዞህ፣ አታስብ። ሕሊናን እኔ እመርቅልሃለሁ» አሉኝ። የጋሽ ይልማ ምርቃት ሲጀመር የተቀመጠ እንግዳ ሲያልቅ እግሩ ደንዝዞ ነው የሚነሳ። ምስጋናዬን አቅርቤ ክሩን በፌስታል ሰብስቤ፣ ስንዱ ሳትወጣ የመኪናዋን በር ዘጋሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን አለቀስኩ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃ ከፍቼ። ስንዱ ከአባቷ የቀራት ፎቶግራፍና ያ ካሴት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ስለ እኔ ምን ተባለ ብዬ በወሬ ጥማት ነው ያጠፋሁባት።

ማክሰኞ መኪናዋ ሰርቪስ ገብታለች ብዬ ወደ ዮቪል ነዳኋት። ሰዎች ያመለከቱኝ ጋሽ ኤርሳዶ የሚባሉ የሆሳዕና ሰው ነበሩ። ስልክ የሚጠግኑባት ጠባብ ሱቅ አለቻቸው፤ ድሮ ሆሳዕና ውስጥ ሙዚቃ ቤት ካሴት ሲያባዙ ነው የኖሩት። ዶክተር እያሉ ይጠሩኛል። አይደለሁም ብያቸው ነበር፤ እሺ ዶክተር አሉኝ፤ ተውኩት።

እሳቸው እንደኛ አልተቻኮሉም። መጀመሪያ ምንም ሳይነኩ ብዙ አዩ። ከዚያ ቴፑን ሙሉውን ከዳሽቦርዱ አወጡ፣ ሽፋኑን ከፈቱ። «ኤይሽ! ቺንጋው እኮ ቀልጧል፣ ዶክተር» አሉ። የአየሩ ጠባይም፣ ፊውዙም አይደለም፤ ክሩን የሚጠቀልለውን መዘውር የምታዞረው ቀጭን ላስቲክ ናት በዕድሜ ብዛት የላላችው። እሷ ስትላላ የሚጠቀልል ይጠፋና ክሩ እዚያው ይታሰራል። ከአሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ ልኳን ፈልገው አስገቡ። «አሁን ስፒሪት ባገኝ ሄዱን፣ ክሩን የሚያነበውን፣ እጠርገው ነበር» ሲሉ ከኪሴ የመርፌ መጥረጊያ አልኮሌን ሰጠኋቸው። በዚህ ሁሉ ጥገና ውስጥ የሠራሁት ትክክለኛ ነገር ይኼው ብቻ ነው።

ክሩን በእስክሪብቶ እያጠነጠኑ ሲያለሳልሱት አብዛኛው ዳነ። ሁለት ስንዝር የምትሆን ግን እንደታኘከ ቅጠል ተጨማድዳለች።

«ይህችን እናቃናት ብንል ምናልባት ትናገር ይሆናል» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ። «ግን ተመልሳ ልትጠመጠምና ከኋላዋ ያለውን ልትበጥሰው ትችላለች። ቆርጠን ብንቀጥል ከኋላ ያለው በሰላም ያልፋል። እርስዎ ይወስኑ።»

ከኋላዋ ያለው ምርቃቱ ነው። እሷ ራሷ ደግሞ ምን እንደሆነች ገብቷችኋል። እውነቱን ልንገርሽ የተባለው እውነት! ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቅኳት ሁለት ስንዝር በጋሽ ኤርሳዶ ጣቶች መሃል ተንጠልጥላለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዴ ብንሞክራት ልል አፌን ከፈትኩ። የስንዱ ፊት መጣብኝ።

«ይቁረጡት» አልኩ።

ቆረጡት፤ በስስ ፕላስተር ቀጠሉት። ከቅጥሉ በኋላ ያለውን ስናጫውት የአማቴ ድምፅ ሱቋን ሞላት። ስልኳን ልታሠራ የመጣች አንዲት ሴትዮ ሳይቀር ከእኛ ጋር «አሜን» አለች። «ሻፕ!» አሉ ጋሽ ኤርሳዶ በዚህ አገር ሰው አባባል፣ አሪፍ ሆነ ለማለት፣ እጃቸውን እየጠረጉ። አቅፌ ሳምኳቸው።

ቅዳሜ ግቢያችን በሰው ተሞላ። የመኪናዋ አራት በሮች ተከፈቱ፤ ሕሊናና ሲቡሲሶ ፊቷ ተንበረከኩ። ከከተማው ወጣ ካለው ሰፈር፣ ከኦሬንጅ ፋርም የመጡት የሲቡሲሶ አያት ከፊት ተቀምጠዋል። እኔ ካሴቱን ምርቃቱ ላይ አድርሼ ጨርሻለሁ፤ ችግር የለም። ያኔ ስንዱ መጣችና በእርጋታ «ዛሬ ከመጀመሪያው ይሁን፤ ልጄ ሁሉንም ትስማ» አለች። መለሰችው።

እትዬ ዘነበች ሰላም አሉ። እነ አያሌው ሰላም አሉ። ዶሮው ሲጮኽ ሰው ሳቀ። ከዚያ አማቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ባልሽን በሚመለከት፣ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ… አሜን በሉ!»

«አሜን!» አለ ግቢው በሙሉ። የኦሬንጅ ፋርሟ አያት ከሁሉ በላይ ጮኸው አሜን አሉ። ምን እንዳጸደቁብኝ እግዚአብሔር ይወቀው። አማቴ ቀጠሉ፤ «የገባሽበት ቤት ይስፋልሽ! እንግዳ አይጣሽ! ሳቅሽ ከጎረቤት ይድረስ! የወለድሽውን ለመዳር ያብቃሽ!» በያንዳንዱ ላይ ደሴ ውስጥ ያሉት ጎረቤቶች፣ አብዛኞቹ ዛሬ በሕይወት የሌሉት፣ ከካሴቱ ውስጥ አሜን ይላሉ፤ የኛም ግቢ ይቀበላቸዋል። ሕሊና አለቀሰች። ጋሽ ይልማ እንኳን ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ስንዱ አላለቀሰችም፤ ሳቋን ለመያዝ እየታገለች እኔን ታየኛለች።

ሰው ወደ ምግቡ ሲሄድ አጠገቤ መጥታ ቆመች። «ሁለት ዓረፍተ ነገር ጎድሏል» አለችኝ። ሁሉንም ተናዘዝኩ፤ የቅቤ ቢላውን ጭምር።

«ምን ነበር ያሉት ግን?» አልኳት። «አሁንስ ንገሪኝ።»

«‹ባልሽን በሚመለከት፣ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ አላውቀውም። ስታውቂው ጻፊልኝ› ነው ያለው።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ጻፍሽላቸው?»

«ጻፍኩለት እንጂ። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ ብዬ።»

«ታዲያ ይህንን ምን ያስደብቀዋል፣ ስንዱ? ሃያ ስድስት ዓመት!»

«አማቴ ምን ብለውብኝ ይሆን እያልክ፣ ተጠንቅቀህ፣ ደህና ባል ሆነህ ኖርክ» አለችኝ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ምን በወጣኝ እነግርሃለሁ?»

ካሴቱን ከቴፑ አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ እንግዶቿ ሄደች። እኔ እዚያው ቀረሁ። ከእንግዲህ የሚያስፈራኝ ከሌለ እንዴት ያለ ባል እንደሚወጣኝ እኔም አላውቅም።