ባለ ጎማው ቤትና ቀዩ ክር

ከደጀን ደምበጫ በመኪና ስንት ጊዜ ይፈጃል ብዬ ብጠይቃችሁ፣ ማለዳ የተነሣ ለምሳ ይደርሳል ትሉኛላችሁ። እውነታችሁን ነው። እኔ ግን ሃያ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። መኪናዋ አልተበላሸችም። ድልድይ አልፈረሰም። ሽፍታም አላገኘንም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ? እኛን እንቁላሉም ቀድሞናል።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን፣ ወደ ማብቂያው ግድም ነው። የመምህርነት ኮርስ ጨርሼ፣ ምደባዬን እየጠበቅሁ፣ ደጀን አጎቴ ቤት ተቀምጫለሁ። አጎቴ ጋሽ ደምሌ ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ዓባይ በረሃን ሲወርድና ሲወጣ ኖሮ ጉልበቱን ቢያመው በቃኝ አለ። የመኪናዋ ጌታ ለድካሙ ብሎ ያቺኑ አሮጌ መኪና መረቀለት። ሌላ ሰው ቢሆን ሸጦ ጥማድ በሬ ይገዛባት ነበር። ጋሽ ደምሌ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ጭነት የሚጫንበት ላይ ቤት ሠራባት።

ቤት ስላችሁ የምር ቤት። ግድግዳው የጽድ ሳንቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ጠፍር አልጋ አለው፣ መደርደሪያ አለው፣ መጋረጃ ያላት መስኮት አለችው። ከኋላ ባለ ቁልፍ በር፣ ከበሩ ሥር ሦስት ደረጃ ያለው መሰላል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ኮርስ ላይ መሬት ትዞራለች ሲሉኝ እንኳ እንዲያ አልተደነቅሁም። የደጀን ሰው ግን ወግ ያውቃል፤ ተደንቆ ዝም አይልም። አዲስ ቤት ነውና እየመጣ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል። ጋሽ ደምሌም ከመስኮቱ ብቅ ብሎ «እንቦሳ እሰሩ» ይመልሳል። እንቦሳው የት እንደሚታሰር የጠየቀ የለም። ጎማው ላይ ይሆናላ።

ቤቱን የሠራው ለሚስቱ ለእትዬ አዝመራ ነው። ሃያ ዓመት ደጀን ቁጭ ብላ ጠብቃዋለች። ልጅ አልሰጣቸውም። አሁን አብረን እንዙር፣ ያየሁትን ሁሉ ላሳይሽ፣ ስንመለስ ደግሞ እንቁረብ አላት። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። የተጋቡት በሰማንያ ነው። ሰማንያን ሽማግሌ ተቀምጦ ያፈርሰዋል። ቁርባንን ግን ከሞት በቀር የሚፈታው የለም። እትዬ አዝመራም ቁርባኑ ይቆይ፣ መጀመሪያ መንገድህን አሳየኝ አለችው። እሱ ደስ አለው። ምስኪን።

እኔም ሥራ የለኝምና አብሬ ልሄድ ነው። ልንነሣ ስንል እትዬ እኔን ጓዳ ጠርታ የጋሽ ደምሌን ጥቁር ኮት አወጣች። ብብቱ ሥር ተቀዶ በቀይ ክር ተጥፏል። የጣፈው ሰው እጁ ይባረክ፤ ስፌቱ ጤፍ ጤፍ ያህላል። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እንዲህ ሆኖ ከመንገድ መጣ አለችኝ። «እኔ ቀይ ክር የለኝም። ከዚያ ወዲህ ሸሚዙም ሱሪውም በዚሁ ክር ተጥፎ ይመጣል። ይህ የሴት እጅ ነው፤ ሾፌር በየከተማው ቤት አለው ሲባል አልሰማሁም? ያቺን ሴት ካገኘኋት ከዚያው ወርጄ ብቸና ወንድሜ ቤት እገባለሁ፣ ካጣኋት እቆርባለሁ፣ አንተ ምስክሬ ነህ» አለች። ትንፍሽ እንዳልል በጊዮርጊስ አስማለችኝ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእትዬ ዝምታ ግን አሥራ ሁለት ዓመት ሲነቅዝ ከርሟል።

መስቀል እንዳለፈ ተነሣን። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኗል። በቆምን ቁጥር እትዬ በመስኮቷ ወጥታ ልትወድቅ እስክትደርስ ታያለች። ይህን ሁሉ ብቻህን ስታይ ነው የኖርኸው? ትለዋለች። ምን ያህሉ አድናቆት፣ ምን ያህሉ ክስ እንደሆነ እኔ ብቻ አውቃለሁ።

አምበር ገበያው ዳር መኪናዋን አቁመን ቤታችን ውስጥ ልናድር ተሰናዳን። ጋሽ ደምሌ አንድ ነገር ዘንግቷል። ጎጃም ውስጥ ቤትህን ተሸክመህ ብትመጣም እንግዳ ነህ። እንግዳ ደጅ ካደረ ደግሞ ሐፍረቱ የአገሩ ነው። እህል የሚያስጭነው የድሮ ደንበኛው ከነሚስቱ መጣና፣ ሰው እያለልህ ሣጥን ውስጥ ልታድር ነው? ብሎ እየጎተተ ወሰደን። ሚስቲቱ ጥሩዬ ትባላለች። ቀይ፣ ሣቂታ ሴት ናት። ጋሽ ደምሌን አገላብጣ ስማ አልጠግብ አለች። እትዬ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ይባስ ብሎ ጥሩዬ ሴት ልጅ ወልዳለች፣ ገና ጨቅላ። እትዬ ሕፃኗን ታቅፋ አፍንጫዋን መረመረች። የጋሽ ደምሌ አፍንጫ ከእሱ ቀድሞ የሚገባ ነው። የልጅቱ፣ እግዜር ይመስገን፣ ደፍጣጣ ሆነ። እትዬ በረጅሙ ተነፈሰች። ልጅቱ ግን ጣቷን ጨብጣ አልለቅም አለች።

በሳምንቱ ልጅቱ ሰማንያ ቀኗ ነው፤ ክርስትና ትነሣለች። የክርስትና እናት ትሆናለች የተባለችው ሴት ታማ ቀረች። ታዲያ ማን ተገኘ? እግዜር በመኪና የላካት እንግዳ። ሳትወልድ ሃምሳ ዓመት የሞላት ሴት፣ ነጭ ለብሳ፣ ልጅ ታቅፋ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አየኋት። እንባዬ መጣ፤ ምን ይደበቃል። ጋሽ ደምሌም ባርኔጣውን አውልቆ ያያታል። ለስለላ ገብታ አበልጅ ሆና ወጣች።

ልንሄድ ስንል ግን እትዬ የተኛችበትን ስታነጥፍ ትራሱን ገለበጠች። በቀይ ክር ተጥፏል። ያው ስፌት፣ ያው እጅ። አሁን ምን ይደረጋል? ከአበልጅ ጋር ማን ይጣላል? ትራሱን እንደነበረ አስቀምጣ፣ ጥሩዬን ስማ መኪናዋ ላይ ወጣች። ብቸና መሄዱ ቀረ እንዴ? ብዬ በሹክሹክታ ብጠይቃት፣ ስንት እንደሆኑ ሳላውቅማ አልወርድም አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጋሽ ደምሌን «አንቱ» ትለው ጀመር። ሚስትህ በድንገት አንቱ ካለችህ፣ ወዳጄ፣ መከበርህ አይደለም።

ደብረ ማርቆስ ስምንት ቀን ቆየን። ከተሜው ተሰልፎ ቤታችንን ጎበኘ። አንድ ሽማግሌ መሰላሉን ወጡና አልጋውን ዳስሰው፣ ኖኅም ከዚህ ሌላ ምን ሠራ? ብለው ወረዱ። ጮቄ ደመናውን ገልጦ የታየ ዕለት እትዬ ቁጣዋን ረሳችው። ተንበርክካ መሬት ሳመች። ይህን የሠራ አምላክ ለእኔ ነገር አያንስም አለች። እኔም ተራራውን ስንት ጊዜ አይቼው፣ ያን ዕለት በእሷ ዓይን አየሁት። በቤቷ ያሳደረችን የአንድ ምግብ ቤት ባለቤትም የዋዛ አልነበረችም፤ እትዬን የማርያም ማኅበሯ ውስጥ አስገባቻት። የምግብ ቤቱ መጋረጃ ግን ጫፉ ላይ በቀይ ክር ተጥፏል። እትዬ ሁለት ጣቷን አሳየችኝ።

ደምበጫ ስንደርስ የቀረው የመጨረሻው ቤት ነው። ወይዘሮ እናኑ መኝታ የሚያከራዩ ባልቴት ናቸው። ጋሽ ደምሌ ሃያ ዓመት መኪናውን ደጃቸው ሲያቆም ኖሯል። እትዬ አሁን መታገሥ አቃታት። ምሳ እንደበላን ጥቁሩን ኮት አምጥታ ወይዘሮ እናኑ ፊት ዘረጋችው። «እናቴ፣ ይህን የጣፈችውን ሴት ያውቋታል?» አለች።

ወይዘሮ እናኑ ኮቱን አገላበጡት። ከዚያ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሣቁ። «የምን ሴት ነው የምትይኝ ልጄ? ይቺው እኮ፣» ብለው በአገጫቸው ወደ በረንዳው አሳዩ።

ዞረን አየን። ጋሽ ደምሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። የአንድ ባላገር የፈረስ ግላስ ጭኑ ላይ ዘርግቷል። መነጽሩ አፍንጫው ጫፍ ላይ ነው። በቀይ ክር ይጥፋል። መርፌው ሲገባና ሲወጣ ዓይን አይከተለውም። እኔ በሕይወቴ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ እጅ ግን አላየሁም። ወይዘሮ እናኑ ቀጠሉ። በዚህ መንገድ እሱ ያልጣፈው ጆንያ፣ ትራስና መጋረጃ የለም፣ ግባና እደር ሲሉት ቤቴ ደጀን ነው እያለ መኪናው ውስጥ ሲያድር ኖሯል አሉ።

እትዬ ወጣችና ፊቱ ቆመች። «መጣፍ የት ተማርህ?» አለችው። አንቱ ቀረች ማለት ነው። ልጅ ሆኜ የቆሎ ተማሪ አልነበርሁም? የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ራሱ ካልጣፈ ማን ይጥፍለታል? አላት። ክሩስ ምነው ቀይ? አንድ ትልቅ ጥቅልል አዲስ አበባ ገዝቼ እስከ ዛሬ አላለቀልኝም አለ። ታዲያ ምነው እኔን ደበቅኸኝ? መርፌውን ግላሱ ላይ ሰካና አንገቱን ደፋ።

«ደጀን ውስጥ ባል ሚስቱ ተቀምጣ መርፌ ቢያነሣ፣ የምትታማው አንቺ ነሽ። ስምሽ እንዳይነሣ ብዬ ነው መንገድ ላይ የምጥፈው። ደግሞስ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

እትዬ አጠገቡ ተቀመጠች። «አሥራ ሁለት ዓመት» አለች። ያን ቀን ወይዘሮ እናኑ ቢለምኗትም፣ ባላገሩ ቢለምናትም፣ እንቢ ብላ ባሏን ይዛ ባለ ጎማው ቤቷ ገባች። እኔ ወይዘሮ እናኑ ዘንድ አደርሁ። ደጀን ሲመለሱ ቆረቡ።

እንግዲህ ልጆች፣ ጠይቁ፣ ዝም አትበሉ ብዬ ወጌን ልደመድም ነበር። አስተማሪ አይደለሁ? ግን ምደባዬ ደርሶ፣ ዓመት አስተምሬ ለእረፍት ደጀን ብመለስ፣ ጋሽ ደምሌን መኪናዋ መሰላል ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ አገኘሁት። እትዬስ? ብዬ ብጠይቀው ስሚንቶ የመሰለ ፊት አሳየኝ። ሐምሌ ላይ የክርስትና ልጇን ልደት ብላ አምበር፣ በማኅበሯ ተራ ማርቆስ፣ ወይዘሮ እናኑን ልጠይቅ ብላ ደምበጫ፣ በአውቶቡስ ሄዳ ትከርማለች። በየከተማው ቤት ያላት እሷ ሆነች። ጠባቂው እሱ።

ከዚያ ግራ ቀኝ አየና ከጉያው የእትዬን ነጠላ አወጣ። ጥለቱ ሥር ተቀዶ በአረንጓዴ ክር ተጥፏል። አጠጋልኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ባለፈው ከደምበጫ እንዲህ ሆኖ መጣ፣ ይህ የማን እጅ ይመስልሃል? አለኝ።

«ጋሼ፣ ጠይቃታ» አልሁት።

ነጠላውን ቀስ ብሎ አጣጠፈው።

«ከቆረቡ በኋላ አይጠየቅም» አለ።